ስለ ላሞች ማሕፀን መጠበቅ

ማለዳ በአራዳ በኩል ለሚያልፍ ሰው አዲስ አበባ ወተት የምትጠጣ ከተማ መሆንዋን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልገውም። ከሱሉልታ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከሌሎችም በዙሪያዋ ካሉ አገሮች የታለበው ወተት ተጭኖ ወደ ከተማው ይገባል፤ ከዚያም በፒያሳ ቡና ቤቶች በማኪያቶ ላይ አረፋ ሆኖ ይቀርባል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ የጠጪው ሰፈር ቢለወጥም መጠጣቱ አልቀረም፤ ገበያው ጋብ የሚለው በጾም ወራት ነው። ብርጭቆውን የሚያነሣው ሰው ግን የወተቱን ዋጋ መወደድ ያማርራል እንጂ ላሚቱ በምን ሁኔታ እንደ ከበደች አይጠይቅም። አይፈረድበትም። ይህን መጠየቅ የጠጪው ሥራ ሳይሆን አገር እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ሰዎችና የባለከብቶቹ ሥራ ነውና።

ላም ካልወለደች አትታለብም። ይህን ለባላገር መንገር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት እንደ ማስተማር ነው። ዳሩ ግን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ክልል የሚወጣውን የሥራ መግለጫ ያየ ሰው ይህ የታወቀ ነገር የተረሳ ይመስለዋል። መግለጫው ይህን ያህል ላሞች ተዳቀሉ ይላል። ስንቱ እንደ ከበዱ፣ ስንቱ በደኅና እንደ ወለዱ፣ ስንቱም ማሕፀናቸው መግል ቋጥሮ መሲና ሆነው ለሥጋ እንደ ተሸጡ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ክርክሩ በዚህ ላይ ነው።

በከብት ነገር ቸል ማለት ምን እንደሚያስከፍል ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ አይታዋለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከህንድ ወደ ምጽዋ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ ያገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ፣ በሬ ያጣው ገበሬ እርሻውን ትቶ፣ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን የሚባለውን ረኃብ አመጣ። የእርሻ ሚኒስቴር የተቋቋመው ያ መከራ ገና ከሰው አእምሮ ሳይወጣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የማሕፀን በሽታ ግን እንደዚያ በአንድ ጊዜ አይገድልም፤ ላሚቱን በቁሟ ትቶ ጥጃዋንና ወተቷን ብቻ ስለሚወስድ ማንም አያለቅስለትም፣ ማንም አይቈጥረውም።

ሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚባለው ጥበብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣልያናዊው ቄስ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ገደማ በውሻ ላይ ሞክሮ ተሳካለት፤ መስኮባዊው ኢቫኖቭ በፈረስና በከብት ላይ አስፋፋው፤ በ1936 ደግሞ ዴንማርኮች ሳምሶ በምትባል ደሴት ገበሬዎቻቸውን በማኅበር አደራጅተው ላሞቻቸውን አዳቀሉበት። ወደዚህ አገር በኩል በጣልያን ዘመን በ1938 በአሥመራ ገባ፤ ጦርነቱ አቋረጠው። በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች በስጦታ መጥተው በአዲስ አበባ ዳር በሾላ የመንግሥት እርባታ ሲጀመር፣ የፈረንጅ ላም ስም ባገሩ ተሰማ። በ1952 ማዳቀሉ እንደገና ቢጀመርም ዘሩንና ማቀዝቀዣውን ከውጭ ማስመጣት ወጪው ከብዶ ቀረ። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ በጭላሎ ተጀመረ፤ በኋላም የቃሊቲው ብሔራዊ ማዕከል ተቋቋመ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በመቀሌና በአዲግራት፣ በሐዋሳና በዳሌ በኩል ብዙ ላሞችን በመድኃኒት ባንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ እያደረጉ ማዳቀል ተሞክሮ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተስፋፋ። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥበቡን መንቀፍ አይገባም። ከመንደር ወደ መንደር የሚዞር ኮርማ ትሪኮሞኒያሲስንና ቪብሪዮሲስን የመሰለ ላም የሚያስጨነግፍና የሚያመክን በሽታ ካንዲት ወደ ሌላይቱ እያዛመተ ይዞራል፤ ባለቤቱም በኮርማው ውበት ይኰራል። ጤናው ከተመረመረ ኮርማ የተወሰደ ዘር ግን ይህን ጥፋት ያስቀራል። በኤውሮፓም ማዳቀሉ በቶሎ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። እንግዲህ የላም ማሕፀን ጠባቂ ሊሆን የመጣ ጥበብ በምን ምክንያት ማሕፀን አበላሽ ይሆናል? መልሱን ለማግኘት የማሕፀንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህንም ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ባለሙያዎች ይህን ድራት ይሉታል። ፍለጋው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ይቈያል፤ ባገር ላም ከዚህም ሊያጥር፣ በሌሊትም ተጀምሮ እረኛው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ የማሕፀኗ አንገት ላላ ብሎ ይከፈታል፤ እንደ እንቍላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽም ይወርዳል፤ የማሕፀኑ ግድግዳ ደም ሞልቶት ይጠነክራል፤ የገባበትን ተውሳክም ተዋግቶ ያስወጣል። ፍለጋው ካለፈ በኋላ ግን እንቍላሉ በወጣበት ስፍራ ቢጫ አካል የሚባለው ይበቅልና ማሕፀንን ለእርግዝና የሚያዘጋጅ ሆርሞን ያመነጫል። ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል፤ ማሕፀኑም ፅንስን እንደ ባዕድ ቈጥሮ እንዳያስወጣ መከላከያውን ያላላል። እግዚአብሔር ለፅንስ ያዘጋጀው ይህ ጸጥታ ለበሽታም ይመቻል። ኮርማ በምትፈልግበት ሰዓት ቢገባ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋ የነበረው ተውሳክ፣ ባልፈለገችበት ሰዓት ከገባ ጎጆ ሠርቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ኮርማ ያልፈለገችን ላም ማዳቀል ዘር ማባከን ብቻ አይደለም፤ ማሕፀኗን ባልታጠቀበት ሰዓት መውጋት ነው። ላሚቱ ቀድሞ የከበደች እንደ ሆነችማ የማዳቀያው ዘንግ ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ኮርማ ላሚቱን ሲያጠቃ ዘሩን የሚያፈሰው ከማሕፀኑ አንገት በውጭ በኩል ነው፤ አንገቱና ዝልግልጉ ፈሳሽ እንደ በረኛ ቆመው ጕድፉን ያስቀራሉ። አዳቃዩ ግን ዘንጉን ባንገቱ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፎ ዘሩን በማሕፀኑ ደጅ ያኖረዋል። በረኛው ታልፏል ማለት ነው፤ ስለዚህ በረኛው አዳቃዩ ራሱ ይሆናል። የላሚቱን ኀፍረት በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ ለእያንዳንዲቱ ላም አዲስ የላስቲክ ልባስ ማድረግ፣ ጓንቱን መለወጥ፣ ዘንጉን ሲያስገባ እበት እንዳይነካው መጠንቀቅ፣ ባንገቱ ቀለበት ላይ ጕልበት አለማብዛት፣ ይህ ሁሉ የርሱ ዕዳ ነው። ዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚበርድ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲወጣም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መሟሟት አለበት። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቴርሞሜትርና የከብት ማሰሪያ አጥር በሌለበት ቀበሌ፣ አንድ አዳቃይ ከብቱን በገመድ አስይዞ በጭቃ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ እንዲሠራ ማዘዝ ቀሳጢነት ባይሆንም ሹመኛ የሚያፍርበት ነገር መሆን ይገባዋል።

የማዳቀል ዘመቻ የሚባለው ላይ ሲደርስ ነገሩ ይጠነክራል። ፕሮስታግላንዲን የሚባለው መድኃኒት ያን ቢጫ አካል ያጠፋል፤ ላሚቱም ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች። ድንቅ መድኃኒት ነው፤ መግል የቋጠረ ማሕፀን እንዲጠርግ እንኳ ሐኪሞች ይሰጡታል። ነገር ግን ቢጫ አካል በሌላት ላም ላይ አንዳች አይሠራም፤ መኖ አንሷት አጥንቷ የወጣው ላም ድራቷ ተቋርጧልና መርፌውን ብትወጋ መርፌ መኖ አይሆንላትም። በከበደች ላም ላይ ግን በእርግጥ ይሠራል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ፅንሱን ያስወርደዋል። ከመርፌው በፊት እያንዳንዲቱን ላም መመርመር የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ላሞች በመቶ ሲሰበሰቡ፣ ቀኑ አንድ ሲሆን፣ ሐኪሙም አንድ ሲሆን፣ ምርመራው በችኰላ ይታለፋል፤ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይሏል፣ የፈሰሰ ጥጃ ግን አይለቀምም። የተጨነገፈው ፅንስ ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ የእንግዴው ልጅ ይቀራል፣ ይሸታል፣ ማሕፀኑ ይመረዛል። ብሩሴሎሲስ ባለበት መንደር እንደሆነም ውርጃው በወደቀበት ሣር የሚግጡ ከብቶችና በእጁ ያነሣው ሰው ይታመማሉ። (ይህን መድኃኒት እርጉዝ ሴቶችና አስም ያለባቸው ሰዎች እንዳይነኩት መከልከል ይገባል፤ በቈዳ ዘልቆ ይገባልና።)

ሹመኛው እንዲህ ሊል ይችላል፤ ከበላይ የታዘዘው ቍጥር ነው፤ ቍጥሩ ካልሞላ ሰነፍ ይባላል። ይህ እውነተኛ መከራ ነው፤ መናቅ አይገባውም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህም ወተት ይብዛ የሚለው ትእዛዝ የጠበቀ ሆኗል፤ ትእዛዙም መልካም ነው። ነገር ግን ሌማት የሚሞላው በወተት እንጂ በመርፌ ቍጥር አይደለም። ሺህ ላም አስወግቶ 300 ጥጃ ካገኘ ወረዳ ይልቅ አምስት መቶ መርምሮ፣ የማይሆኑትን መልሶ፣ ከቀሩት 300 ጥጃ ያገኘ ወረዳ ይበልጣል፤ ጥጃው እኩል ሲሆን የሁለተኛው ወረዳ ላሞች ማሕፀናቸው ደኅና ነውና። ዛሬ ባለው መግለጫ ግን ሽልማቱ ለመጀመሪያው ይሰጣል።

ጕዳቱ በባለከብቱ ቤት ምን እንደሚመስል ለማየት በቀበና ወንዝ ዳር ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ያላት አንዲት መበለት አለች እንበል። ላም ከወለደች በኋላ በ85ኛው ቀን ብትከብድና ፅንሱ 280 ቀን ቢቈይ በዓመቱ በ365ኛው ቀን ሌላ ጥጃ ይደርሳል። አዳቃዩ ግን በጥድፊያ፣ ላሚቱ ኮርማ ሳትፈልግ ወይም ከወለደች ወር እንኳ ሳይሞላት አዳቅሎ ማሕፀኗን ቢያስመርዘው፣ የሚቀጥለው እርግዝና አራት ወር ቢዘገይ፣ ጥጃው የሚመጣው በ485ኛው ቀን ነው። ላሚቱ እንደ ወለደች በቀን ስምንት ሊትር የምትታለብ ብትሆን መበለቲቱ 960 ሊትር ወተት ዘገየባት ማለት ነው። የቀድሞው ወተት እየነጠፈ ሲሄድ መኖው፣ ፉርሽካውና የፋጉሎው ዕዳ ግን አይነጥፍም። ሴትዮዋ የሆነውን አታውቅም፤ ላሜን ሰው በዐይኑ በላት ትላለች። ሦስት ጊዜ ተዳቅላ እንቢ ያለችውን ላም ለሥጋ ነጋዴ ትሸጣለች፤ ነጋዴው ለፋሲካ ያርዳታል፤ የወረዳው መዝገብ ግን ሦስት ጊዜ ተዳቅላለች ብሎ ሦስት ቍጥር ይቈጥርባታል።

ከወለዱ በኋላ ያለው ዘመን በተለይ ሊጠበቅ ይገባዋል። የወለደች ላም ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 40 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ባለሙያዎችም እስከ 60 ቀን ድረስ አይዳቀል ይላሉ። የእንግዴ ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ በእጅ ጎትቶ መፈልቀቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ ግን የማሕፀኑን ግድግዳ እንደሚያቈስል ታውቋልና ወደ ሐኪም መላክ ይሻላል። ከወለደች ሦስት ሳምንት ያለፋት ላም መግል የቀላቀለ ፈሳሽ ከታየባት ማሕፀኗ ታሟል፤ ከመዳቀል በፊት ትታከም። ፈሳሹ ሳይታይም ውስጡ የተቈጣ ማሕፀን አለ፤ ላሚቱ ጤነኛ መስላ፣ በጊዜዋ ኮርማ እየፈለገች፣ አልከብድ ብቻ ትላለች። ባለቤቱ ከመድኃኒት መደብር በግምት ገዝቶ የሚያፈስባት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ የታከመችው ላም ወተትም ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ ለሰው መሸጥ የለበትም።

ስለ ጥጃው መጠንም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ፍሪዥያን ትልቅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ፍሪዥያን ይላል። ለትንሽ ያገር ጊደር የትልቅ ኮርማ ዘር መስጠት ግን በጠባብ ደጅ ሰፊ ዕቃ እንደ ማውጣት ነው፤ ምጡ ይጠናል፣ ጥጃው በገመድ ይጎተታል፣ ማሕፀኑ ይቀደዳል ወይም ይገለበጣል። ላነስተኛ ጊደር ጀርሲን የመሰለ ትንሽ ጥጃ የሚያስገኝ ዘር መምረጥ ወተቱንም ማሕፀኑንም ያተርፋል። በሌላው ዓለም ፅንስን ካንዲት ላም አውጥቶ ወደ ሌላይቱ የማዛወር ጥበብ በርትቷል፤ ይህም የሚደረገው ከድራቱ በኋላ በሰባተኛው ቀን ገደማ፣ ማለት ማሕፀኑ መከላከያውን ባላላበት ሰዓት ስለሆነ ንጽሕናው ከማዳቀሉም ይልቅ የጠበቀ መሆን አለበት። በብርጭቆ ውስጥ የተፀነሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ጥጃ ሆኖ እናቲቱን ያስጨንቃል። ተራውን ማዳቀል በንጽሕና መሥራት ያልተቻለበት ወረዳ ወደዚህ ለመዝለል መቸኰል የለበትም።

እንግዲህ ከሹማምንቱ የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። በየቀበሌው አንድ የከብት ማሰሪያ አጥርና የውኃ በርሜል ማቆም የወረዳ አለቃ በራሱ ሥልጣን የሚያደርገው ነው። የናይትሮጅኑ ተሽከርካሪ በጊዜ እንዲደርስ ማድረግ፣ ነዳጅ አለቀ በሚል ምክንያት እንዳይቀር መከታተልም እንዲሁ። አዳቃዩ ይህች ላም አልፈለገችም፣ ይህች ከብዳለች፣ ይህች ታማለች ብሎ ሲመልስ እንደ ሥራ ሊቈጠርለት እንጂ ሊወቀስበት አይገባም፤ መመለስ የሚያስቀጣው ሰው ሁሉንም ያዳቅላልና። ብዙ ከብት ያላቸው ባለቤቶች ደግሞ እረኛቸው ማለዳና ማታ ላሞቹን ቆሞ እንዲያይ፣ ሌላ ላም ስትወጣባት ጸንታ የቆመችውን ላም እንዲናገር ቢያደርጉ፣ ያለ መርፌ የሚዳቀሉት ይበዛሉ። በማለዳ የታየችው በማታው፣ በማታ የታየችው በማግስቱ ጧት ትዳቀል፤ ይህን የማያውቅ አዳቃይ የለም፤ የሚጎድለው ባለከብቱ በሰዓቱ መጥራቱና አዳቃዩ በሰዓቱ መድረሱ ነው። እሑድና በዓል ላሞች አያውቁም፤ የአዳቃዩ የዕረፍት ቀን ደመወዝም በዚሁ መጠን ሊታሰብለት ይገባል።

በወረዳው መዝገብ ላይም የተዳቀሉ ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ ሦስት ዓምዶች ይሰመሩ፤ ተመርምረው የከበዱ፣ በደኅና የወለዱ፣ የጨነገፉ ወይም የታመሙ። በጥቅምት መጀመሪያ የተዳቀለች ላም በጥር ተመርምራ መክበዷ ይታወቃል፤ በሐምሌም ትወልዳለች። ስለዚህ የጥቅምቱ ዘመቻ መግለጫ በኅዳር ተዘግቶ እንዳይላክ፣ እስከ ሐምሌ ተከፍቶ ይቈይ። በጥር ባዶ ሆነው የተገኙት ላሞች ባለቤቶቻቸው ተጠርተው፣ ሁለተኛ መርፌ ሳይታዘዝላቸው በፊት ማሕፀናቸው በሐኪም ይታይ።